ያለ ሜትር የተሰፉ ቀሚሶች

አከራያችን ክፍሏን ለሌላ ሰው ሊሰጡ እንደሚችሉ የነገሩን በራችን ላይ ቆመው ነው። ይግቡ ብንላቸው አልገቡም፤ ደስ የማይል ወሬ ይዘው ሲመጡ ደጅ መቆም ልማዳቸው መሆኑን ከድሮ አውቃለሁ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲናገሩ ዓይናቸውን ከመሬት አላነሡም። ኪራዩ ይጨምራል። ክረምት እስኪገባ ድረስ ጭማሪውን ከቅድሚያ ክፍያ ጋር ማሟላት ካልቻልን፣ የስልክ መለዋወጫ የሚሸጥ ሰው ቦታውን እየጠየቃቸው ነው። «እናንተን እንደ ልጆቼ ነው የማያችሁ፤ ግን የወለድኳቸውም አሉ» አሉ። እህቴ ከስፌት ማሽኗ ቀና ሳትል «እሺ ጋሼ፣ እናመሰግናለን» አለቻቸው። ለምኑ እንዳመሰገነቻቸው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ክፍሏ ሐዋሳ፣ አዲስ ከተማ ሰፈር ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ የምትገኝ፣ አንድ በርና አንድ መስኮት ያላት ናት። እኔና ታላቅ እህቴ እዚያ የምንሰፋው በአብዛኛው የኳየር ልብስ ነበር። ሐዋሳን የሚያውቅ ሰው ይህ ሥራ ሁለት ሴቶችን እንዴት ያኖራል ብሎ አይጠይቅም። በየሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን አለ፤ በየቤተ ክርስቲያኑም ኳየር ሀ፣ ኳየር ለ፣ የወጣቶች ኳየር፣ የእናቶች ኳየር አለ። ኮንፈረንስ በመጣ ቁጥር ሁሉም አንድ ዓይነት ለብሶ መቆም ይፈልጋል። እህቴ ባሏ ከሞተ ጀምሮ በዚህ ሥራ ልጇን አሳድጋ ለወግ ለማዕረግ አብቅታለች። እኔ የመጣሁት ዘግይቼ ነው። ዩኒቨርሲቲ የተማርኩት የሥራ አመራር ሲሆን፣ ብዙ ዓመት የሠራሁበት ፕሮጀክት ሲዘጋ በዕድሜዬ የሚቀበለኝ ቢሮ አጣሁ። እሷ ትሰፋለች፤ እኔ ጨርቅ እቆርጣለሁ፣ ሒሳብ እይዛለሁ፣ ደንበኛ አነጋግራለሁ። የመጨረሻውን ሥራ ወድጄው አላውቅም። ከሰው ጋር ረዘም ላለ ጊዜ ካወራሁ በኋላ በር ዘግቼ ብቻዬን መቀመጥ ያምረኛል።

ከዚያ ኳየሮቹ እየቀሩ ሄዱ። በቴሌግራም ተሰፍቶ ያለቀ ልብስ ከአዲስ አበባ እያዘዙ በአውቶቡስ ማስመጣት ጀመሩ። ልብሱ ስስ ነው፣ ከታጠበ በኋላ ይሰበሰባል፤ ነገር ግን ፎቶው ያምራል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ቶሎም ይደርሳል። እኛ የምናሳየው ፎቶ አልነበረንም፤ ሥራችንን የሚያውቁት ለብሰው ያዩት ብቻ ነበሩ። አከራያችን በመጡበት ወር እህቴ ማሽኑን የምታስነሣው ለጥገናና ለዘምዘሚት ብቻ ሆኖ ነበር። ሥራ በሌለ ቀን ማሽኑን ዘይት ትቀባዋለች። በየቀኑ ዘይት ስትቀባ ሳይ ዓይኔን ወደ ሌላ አዞራለሁ።

ወደ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሄድኩት እንዲህ መውጫ ሲጠፋኝ ነው። በባህል አዳራሽ አካባቢ ለአነስተኛ ነጋዴዎች የተዘጋጀ ሥልጠና ነበር። አሠልጣኙ ወጣት ነው፤ የስልኩን ገጽ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ አብርቶ እየጠየቀ፣ ስልኩም እየመለሰለት፣ በደቂቃዎች ውስጥ ለአንድ ዳቦ ቤት ማስታወቂያ፣ የዋጋ ዝርዝርና የሳምንት ዕቅድ አዘጋጀ። ሌሎቹ ሲያጨበጭቡ እኔ ከኋላ ወንበር ሆኜ እያንዳንዱን እርምጃ ጻፍኩ። የተደሰትኩት በፍጥነቱ አልነበረም። ሳላፍር ልጠይቀው የምችለው፣ ለምን እንደማላውቅ የማይጠይቀኝ፣ ፊቴን የማያይ አማካሪ አገኘሁ ብዬ ነው።

መጀመሪያ ላይ በእርግጥ ጠቀመን። ተበታትኖ የነበረውን ወጪያችንን አስተካከለልኝ፤ ለአብያተ ክርስቲያናት የሚላክ ጨዋ ደብዳቤ አረቀቀልኝ፤ የትኛው ልብስ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅብን አስልቶ አሳየኝ። አማርኛው ግን ከሚገባው በላይ ጣፋጭ ነበር። አንድ ጊዜ «ልብሶቻችን የመዝሙርዎን ነፍስ ያቅፋሉ» ብሎ ጻፈ። ለእህቴ ሳነብላት መቀሷን አስቀምጣ ሳቀች።

«ነፍስ የሚያቅፍ ቀሚስ ስንት ሜትር ይፈጃል? አማካሪሽን ጠይቂልኝ» አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሙ «አማካሪሽ» ሆነ። ጠዋት ስገባ «አማካሪሽ ደኅና አደረ?» ትለኛለች። እኔም እያንዳንዱን ዓረፍተ ነገር ሰው የተናገረው እስኪመስል ድረስ አርም ነበር። መልስ ሲቆጥሩልኝ ሁለት ጊዜ የምቆጥር ሰው ነኝ፤ ያልገባኝን ነገር በስማችን አልለጥፍም።

ከሌሎች ሰፊዎች የምንለይበትን ነገር እንዲነግረኝ ስጠይቀው ግን፣ አሠራራችንን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እንድገልጽለት ጠየቀኝ። ገለጽኩለት። እኛ ኳየር የምንለካው ቅዳሜ ከሰዓት፣ ልምምድ ላይ ሄደን ነው። ከአዳራሹ ጥግ መጋረጃ እንሰቅላለን፤ ሴቶቹ አንድ በአንድ ይገባሉ፤ እህቴ በሜትር ትለካና ቁጥሩን በጆሮዬ ትነግረኛለች፤ እኔ እጽፋለሁ። ብዙ ቅዳሜ ይፈጃል፤ የቀረ ሰው አለ፣ ታሞ የሰነበተ አለ። ጨርቅ ስንቆርጥ ደግሞ ከጎንና ከጎን፣ በስፌቱ ውስጥ፣ ሰፋ ያለ ትርፍ እናስቀራለን። እዚህ አገር ልብስ የሚሰፋ ሰው ሁሉ ይህን ያደርጋል። ሴት ትወልዳለች፣ ትወፍራለች፣ ልብሱም ለታናሽ እህት ይተላለፋል፤ ስፌቱ ተተርትሮ ይሰፋላታል። በመደርደሪያ የሚሸጠው ልብስ ይህ የለውም።

አማካሪዬ ሁለቱንም ነቀሰ። ጊዜያችሁ የሚጠፋው እዚህ ነው፤ ጨርቃችሁ የሚባክነው እዚህ ነው አለ። ደንበኞች ልካቸውን በስልክ ቅጽ ሞልተው ይላኩ፤ ትርፉ በጣት ስፋት ይወሰን፤ በዚህም ዋጋችሁ ከተዘጋጀው ልብስ ይወርዳል፣ መላኪያችሁም ይፈጥናል። ቁጥሮቹን በሠንጠረዥ አስቀመጠልኝ። ሠንጠረዡን ደጋግሜ ፈተሽኩት፤ ስሕተት አላገኘሁበትም። ለእህቴ ሳሳያት ብዙ አላሰበችም። እሷም እንደኔ ክረምቱን እየጠበቀች ነበር። «ክፍሏን የሚያስቀርልን ከሆነ ጨርቁን እንቆጥብ» አለች። ማስታወቂያውን በዚያው ቀን ለጠፍኩት። «ካላችሁበት ሆናችሁ ልካችሁን ላኩ፤ ሰፍተን እናደርሳለን» ይላል። ከሥሩ የእህቴ የድሮ ሥራዎች ፎቶ ነበር፤ አማካሪዬ ብርሃናቸውን አስተካክሎልኛል።

መልእክት መምጣት ጀመረ። ከለመድነው ዝምታ በኋላ ስልኬ ሲንጫጫ እህቴ ፈገግታዋን ለመደበቅ ክር በጥርሷ ትበጥስ ነበር። ከጠየቁት መካከል ሁለት ኳየሮች ተራ እንድንሰጣቸው ነገሩን። መጀመሪያ ቆርጦ ያዘዘን ግን ታቦር ሰፈር ያለ የአንድ ቤተ ክርስቲያን ኳየር ሀ ነው። ክረምት ሳይገባ የሚደረገው ኮንፈረንስ ላይ ይዘምራሉ። የሴቶቹ ቀሚስ ጥቁር አረንጓዴ፣ ወገቡ የተያዘ፣ ከኋላ ዚፕ ያለው፣ አንገቱና እጅጌው ጥለት ያለበት እንዲሆን ወሰኑ። ሰብሳቢያቸው በአንድ መሥሪያ ቤት የሚሠራ፣ ነገር የማያረዝም ሰው ነው። ጨርቁን የገዛነው አዲስ ከተማ ውስጥ ሱቅ ካላቸው ከአንድ ሐጂ ነው። የቀራቸውን አረንጓዴ ጣቃ በሙሉ ወሰድነው። ይህን ሥራ በጊዜው ካስረከብን፣ ተራ የሚጠብቁትን ሁለቱን ደግሞ ካስከተልን፣ አከራያችን በራችን ላይ የሚቆሙበት ምክንያት አይኖርም ነበር።

ቅጹን የላክሁት ጠዋት ነው፤ ተሞልቶ የመጣው በማግስቱ። አንድም የጎደለ የለም። ሴቶቹ በሙሉ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ ቁመት ሞልተዋል። በሜትር ስንለካ እንዲህ ያለ ንጹሕ ገጽ አግኝቼ አላውቅም። ትንሽ ከነከነኝ፤ ወገቦቹ እርስ በርሳቸው ይቀራረባሉ። አማካሪዬን እንዲፈትሽልኝ ጠየቅሁት። መረጃው የተሟላ ነው፣ ከተለመደው የወጣ ቁጥር የለም ብሎ መለሰልኝ። ኮንፈረንሱ እየቀረበ ነበር። ጨርቁን ዘርግቼ፣ አማካሪዬ ባወጣልኝ አደራደር መሠረት፣ ትርፉን በጣት ስፋት ብቻ አስቀርቼ ቆረጥሁት። ከጣቃው የተረፈው ቁራጭ በአንድ እጅ የሚያዝ ነበር። እህቴ ቁራጩን አንሥታ እያየች፣ እንዲህ ቆጥበን ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሀብታም ነበርን አለች። ሁለታችንም ሳቅን።

ቀሚሶቹን በአንሶላ ጠቅልለን በሁለት ባጃጅ ወደ ታቦር ወጣን። ሴቶቹ ለብሰው የሞከሯቸው የሰንበት ትምህርት ልጆች በሚማሩበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ግድግዳው ላይ በልጆች እጅ የተሳለ የኖኅ መርከብ አለ። መጀመሪያ የለበሰችው ሴት ዚፗ ከወገቧ በላይ አልወጣም። እህቴ ዚፑ ተይዞ ይሆናል ብላ ሳሙና ቀባችው። ሁለተኛዋም እንደዚያው ሆነ። ገበያ ቅቤ የምትነግድ፣ ከኳየሩ ሁሉ ድምፅዋ የሚጎላ ሴት ቀሚሷን ጭንቅላቷ ላይ አድርጋ አልወርድ ሲላት ከውስጥ ሆና ተናገረች።

«ይህ የኔ ነው ወይስ የልጄ?»

ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። አንዷ፣ ቅቤውን ሳትሸጪው ትበዪዋለሽ እንዴ አለቻት። ሌላዋ በሲዳምኛ አንድ ነገር ጨመረችና ግማሾቹ ግድግዳ ተደግፈው ሳቁ። ሳቁ የቆመው ሦስተኛዋና አራተኛዋ ዚፓቸውን በእጃቸው ይዘው ፊት ለፊቴ ሲቆሙ ነው።

«ቁጥሩን የላካችሁት እናንተ ናችሁ» አልኩ።

ቅቤ ነጋዴዋ ቀሚሱን ከአንገቷ አውልቃ ፀጉሯን እያስተካከለች፣ «እኔ ምን ላክሁ? ሰብሳቢው ልምምድ ላይ ስማችንን እየጠራ፣ ወገብሽ ስንት ነው አለኝ። ቴነር የሚዘምሩት ወንዶች በሙሉ ዞረው አዩኝ። ታዲያ ምን ልበለው? የሠርጌን ቀን ወገብ ሰጠሁት» አለች።

የሆነው ይህ ነበር። ሊንኩን ለእያንዳንዳቸው እንዲያደርስ ለሰብሳቢው ልኬለት ነበር። ግማሾቹ የኢንተርኔት ካርድ የላቸውም፤ ለብዙዎቹም ቅጹ በአማርኛ መሆኑ ያደክማቸዋል። እሱም ነገር ለማፍጠን፣ ልምምድ ሲያበቃ፣ ወንድና ሴት በተሰበሰበበት አዳራሽ፣ እንደ አቴንዳንስ እየጠራ ሞላው። የዚህ ከተማ ሴት ወገቧን በወንዶች ፊት ጮክ ብላ አትናገርም፤ ከተናገረችም እውነተኛውን አትናገርም። አንዳንዶቹ የአሮጌ ቀሚሳቸውን ቁጥር ሰጥተዋል። አንዳንዶቹ ጎናቸው የተቀመጠችው ያለችውን ደግመዋል። ይህን ለማወቅ ዩኒቨርሲቲ መግባት አያስፈልግም፤ እኔ ራሴ ብጠየቅ የማደርገው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ቁጥሮቹ በሠንጠረዥ ሲመጡ የሰው ድምፅ አልነበረባቸውም።

ሰብሳቢው ተጠርቶ መጣ። ተቆጥቷል፤ ነገር ግን ጨዋ ሰው ስለሆነ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

«እህቴ፣ ማስታወቂያችሁ ካላችሁበት ላኩ ይላል። ላክን። ከዚህ በላይ ምን ማድረግ ነበረብን?»

የወለቁትን ቀሚሶች እየሰበሰብሁ ወደ አንሶላው መመለስ ጀመርሁ።

ይህ ሁሉ ሲሆን አንዲት ወጣት ሙሽራ ቀሚሷን ሳትለካ ታጥፎ ጭኗ ላይ እንዳለ ተቀምጣ ነበር። እህቴ አይታት ኖሮ፣ ጥቁር ሰሌዳው ጀርባ ወሰደቻትና ሜትሯን ከአንገቷ አውርዳ ለካቻት። ስትመለስ ፊቷ ተለውጧል። ኋላ ባጃጅ ውስጥ ነው የነገረችኝ። ልጅቷ ነፍሰ ጡር ናት፤ ገና ለማንም አልተናገረችም። አማቷ እዚያው ኳየር ውስጥ አልቶ ድምፅ ከሚይዙት ሴቶች ጋር ይዘምራሉ። ቀደም ሲል አንድ ጽንስ ስለወረደባት፣ እስኪጸና ድረስ አማቷ እንዳያውቁ ትፈልጋለች።

ክፍላችን እንደደረስን እህቴ አንዱን ቀሚስ ገለበጠችና ስፌቱን በአውራ ጣቷ ዳሰሰችው። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር ሲያጋጥመን ስፌቱን ተርትረን ከትርፉ እንለቅ ነበር። አሁን የሚለቀቅ ነገር የለም። ጨርቅ አንድ ጊዜ ከተቆረጠ ተቆርጧል። ቀሚሱን መልሳ አጠፈችው፤ መብራት ጠፍቶ ነበር፣ ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን እየደከመ ሄደ።

በማግስቱ ሐጂ ዘንድ ሄድሁ። የጨርቁን ቁራጭ በጣቶቻቸው አሽተው አዩና ራሳቸውን ነቀነቁ። አዲስ አበባ ደውለውልኛል፤ ያለው አረንጓዴ ከሌላ ጭነት የመጣ ነው። በፎቶ ልከውላቸው ከእኛው ጎን ሲያደርጉት አንዱ ሌላውን አሮጌ አስመሰለው። «ልጄ፣ አረንጓዴ ሁሉ አረንጓዴ አይደለም፤ ይሄንን ካስገባሽበት የተጣፈ ይመስላል» አሉኝ። ወንበር ስበው አስቀመጡኝ፤ ውኃ አስመጡልኝ። ፊቴ ላይ ምን እንዳዩ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት ሳስታውስ የማየው የስልኬን መስታወት ነው። ከሰው ጋር መነጋገር ስላልቻልኩ አማካሪዬን ብቻ እጠይቀው ነበር። ቀሚሱን ከመሐል ቆርጠው ከላይና ከታች የሚለበስ ሁለት ልብስ ያድርጉት አለኝ። የሚለጠጥ ጨርቅ ያስገቡበት አለኝ። ዚፑን አውጥተው በገመድ የሚታሰር ያድርጉት አለኝ፤ ጀርባቸው በገመዱ መሐል የሚታይ የኳየር እናቶችን አሰብኳቸው። እያንዳንዱን መልስ የሚጀምረው ጥያቄዬን በማመስገን ነው። በመጨረሻ፣ ይህ ነገር ወደፊት እንዳይደገም ምን ላድርግ ብዬ ጻፍኩለት። ሲመልስ፣ ደንበኞችን በአካል ተገኝተው ይለኩ፤ በስፌቱ ውስጥም ለማስፋት የሚሆን በቂ ትርፍ ጨርቅ ይተዉ አለኝ።

ገጹን ወደ ላይ እየገፋሁ የመጀመሪያ ምክሩን ፈለግሁት። ከዚያ ቀድሞ የመከረኝን ገልብጬ ላክሁለት። «ትክክል ነዎት፤ ስለ ተፈጠረው አለመግባባት ይቅርታ እጠይቃለሁ» አለ። ቅር የተሰኘሁት በይቅርታው ነው። ሰው ይቅርታ ሲጠይቅ አንድ ነገር ይጎድልበታል፤ ከዓይኑ ወይም ከድምፁ ላይ ታየዋለህ። ይህ ምንም አልጎደለበትም። ሌላ የሚረዳኝ ነገር ካለ ጠየቀኝ። በሕይወቴ ማንንም ጮክ ብዬ ተቆጥቼ አላውቅም፤ ያን ዕለት ልቆጣው የምችለው ሰው ፈለግሁ፣ አጣሁ።

መላውን ያገኘነው እህቴ ሴቶቹን ወደ ክፍላችን ከጠራቻቸው በኋላ ነው። በየተራ መጡ፤ መጋረጃውን ሰቀልን፤ እሷ ለካች፣ እኔ ጻፍኩ። መጋረጃ ውስጥ ሰው ሌላ ነው። አንዷ ከወሊድ በኋላ ሆዷ አልመለስ እንዳላት፣ ሌላዋ ደግሞ በስኳር ሕመም ምክንያት እንደከሳች፣ ነገር ግን ሰው በሽታዋን እንዳይጠይቃት ወፍራም ቁጥር እንደሰጠች ተናገሩ። ቅቤ ነጋዴዋ ሜትሩ ሲዞርባት ዓይኗን ጨፍና፣ «ለእሷ ብቻ ንገሪያት፤ ለስልኩ እንዳትነግሪው» አለች። እህቴ ሳቀች። ከብዙ ቀን በኋላ የሳቀችው ያን ጊዜ ነው።

ለአብዛኞቹ የሚያስፈልገው በጎን ስፌቱ መሐል ከብብት እስከ ታችኛው ዘምዘሚት የሚወርድ ቀጭን የጨርቅ ማስገቢያ ነበር፤ ከጥለቱ ጋር የሚሄድ ክሬም ጨርቅ ሐጂ ጋር አለ። ለሙሽራዋ ግን ቀጭን አይበቃም። እስከ ኮንፈረንሱ ድረስ የልጅቷ ሆድ ይገፋል፤ ሰፊና በሽንሽን የተያዘ ማስገቢያ ያስፈልጋታል። እንደዚያ ለብሳ ከመካከላቸው ብትቆም ደግሞ ምን እንደሆነች የማያውቅ አይኖርም። እህቴ ይህን ስታሰላስል ቆይታ፣ ለሁሉም ሰፊ እናድርገው አለች።

«ለሁሉም ካደረግነው የጨርቁ ወጪ ለኪራይ ካስቀመጥነው ውጭ የሚሸፈንበት የለም፤ ጊዜውም እጥፍ ነው» አልኳት። «የቀሩት ሁለቱ ኳየሮችም አይጠብቁንም።»

«ለእሷ ብቻ ካደረግነው ሁሉም ያያታል።»

«ክፍሏስ?»

አንድ ቀሚስ አነሣች። የቀሚሱን ጎን ከላይ እስከ ታች መተርተር ጀመረች። እኔም ሌላውን አንሥቼ ከጎኗ ተቀመጥሁ። የሠራሁት ስሌት ትክክል እንደነበር አውቃለሁ፤ እሷም ታውቃለች። የሚከራከር ሰው አልነበረም።

ሰብሳቢው ሲያይ ፊቱ አልተፈታም፤ ያጸደቁት ይህን አልነበረም። ኮንፈረንሱ ደጃፍ ላይ ስለነበረ ግን ከሴቶቹ ጋር ተነጋግረው ተቀበሉት። ሁለቱ ኳየሮች እንደፈራሁት ከአዲስ አበባ አዘዙ፤ አንደኛው በትሕትና ጽፎ ነገረኝ፣ የሁለተኛውን ከሌላ ሰው ሰማሁ። አማካሪዬ ለሁለቱም የሚላክ ጥሩ የመሸኛ ጽሑፍ አዘጋጀልኝ፤ እኔ «ጌታ ይባርካችሁ» ብቻ ብዬ ላክሁ።

ወደ ኮንፈረንሱ እኔ አልሄድሁም፤ እንዲያየኝ የማልፈልገው ሰው በዝቶ ነበር። እህቴ ሄዳ ተመለሰች። እንዴት ነበር አልኳት። ዘመሩ አለችኝ። ልጅቷስ? ከአማቷ ቀጥላ ቆማ ነበር፤ አማቷ ሽንሽኗን እያስተካከሉላት አየኋቸው አለች። ያወቁ ይሁን ወይስ ልብስ ማስተካከል ልማዳቸው ሆኖ፣ እህቴ አልነገረችኝም፤ እሷም ያወቀችው አይመስለኝም።

አከራያችን ቀናቸውን ጠብቀው መጡ፤ አሁንም አልገቡም። ቁልፉን እኔ ነኝ የሰጠኋቸው። እህቴ ማሽኗን ይዛ ዲላ ያለችው ልጇ ዘንድ ለመሄድ ወሰነች፤ ልጇ በረንዳ ላይ ቦታ አላት። እኔ ታቦር የምኖርባት ክፍል አልጋዬንና መጽሐፎቼን ብቻ የምትችል ናት። የመቁረጫ ጠረጴዛው አናጢ ክፍሉ ውስጥ የገጣጠመው ስለሆነ በበሩ አልወጣም አለ። ጫኞቹ እግሩን መትተን እንንቀለው አሉ። እህቴ ተዉት አለቻቸው፤ የስልኩ ነጋዴ ዕቃ ይደረድርበታል።

ማሽኑ ከአይሱዙው ጀርባ በብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ተጭኖ፣ እህቴ ከሾፌሩ ጎን እንደተቀመጠች ስልኬ ጮኸ። ከማላውቀው ቁጥር የመጣ መልእክት ነው። ኮንፈረንሱ ላይ የታቦርን ኳየር ያዩ የሌላ ቤተ ክርስቲያን እናቶች ናቸው። ያንኑ ዓይነት፣ ጎኑ ላይ ክሬም ሽንሽን ያለው ቀሚስ እንዲሰፋላቸው ይፈልጋሉ፤ በአካል መጥተው ሊለኩ ነው፤ የት ነው የምትገኙት ይላል። ከመልእክቱ ሥር ስልኩ ራሱ መልስ አዘጋጅቶ አቅርቦልኛል፤ አዲስ ከተማ፣ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ፣ ሁልጊዜ ክፍት ነን። አንድ ጊዜ መንካት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ።

እህቴ በመስኮቱ አንገቷን አወጣች። ብነግራት ትወርድ ነበር፤ ማሽኑን አስወርዳ መንገድ ዳር ትቆም ነበር፤ የምናስገባበት ቤት ግን የለንም።

«ማነው?» አለችኝ።

«ማንም አይደለም፤ ማስታወቂያ ነው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። ሾፌሩ ሞተሩን አስነሣ።